ውሃ የማያስገባ ጫማ

«ኦሪጅናል» የሚል ቃል ስሰማ እስከ ዛሬ ድረስ ያቅለሸልሸኛል። ነጋዴ ሲለው ያቅለሸልሸኛል፣ ሸማች ሲለው ደግሞ ይብስብኛል። ከሁሉም የሚያንገሸግሸኝ ግን ቃሉን እኔ ራሴ እንደ ዳዊት ስደግመው የኖርኩበት ጊዜ ነው።

በደርግ ዘመን ሞጣ ላይ የእርሻ ሠራተኛ ነበርኩ። ሥራዬ እርከን ማሠራት ነው፤ ገበሬውን ዳገት ላይ አሰልፌ ድንጋይ አስደረድራለሁ። እናቴና ታናሽ እህቴ ከቢቸና ወጣ ብሎ፣ ቀዩ አፈር ከሚበዛበት ገጠር ይኖሩ ነበር። አባታችን ከሞተ ቆይቶ ስለነበር የቤቱ ወንድ እኔ ነኝ፤ ያውም በሩቁ፣ መንገደኛ ሲገኝ ሰላምታ የሚልክ ወንድ።

እህቴ ለአቅመ ሔዋን በደረሰችበት ሰሞን ቀኝ እግሯን ያቃጥላት ጀመር። ከገበያ ስትመለስ ጣቶቿ መሀል ያሳክካታል፣ የእግሯ ጀርባ ያብጣል፣ አድሮ ይጎድላል፣ ደግሞ ያብጣል። እናቴ ያንን እብጠት እንደ ሌባ ዕቃ ደበቀችው። ለምን እንደደበቀችው አውቃለሁ። በእኛ አገር ዝሆኔ የዘር ነው ይባላል። የአንዲት ልጅ እግር ካበጠ ቤቱ በሙሉ ይጠቆማል፣ ሽማግሌ የሚልክ ይጠፋል። ለእህቴ ደግሞ ከሉማሜ በኩል አንድ ደህና ሰው ሊጠይቃት እንዳሰበ ወሬ ደርሶን ነበር። ስለዚህ እናቴ ጠበል ወሰደቻት፣ ቅቤ ቀባቻት፣ የቀሚሷንም ጫፍ አስረዘመችላት።

እኔ ነገሩ አላማረኝምና ይዣት ቢቸና ጤና ጣቢያ ሄድኩ፤ እናቴም እያጉረመረመች ተከተለችን። ድሬሰሩ ፊቱ የማይፈታ፣ ወረፋው ያማረረው ሰው ነበር። እግሯን አንድ ጊዜ አየና ወደ ሥራው ተመለሰ።

«ዘር አይደለም፤ አፈሩ ነው» አለ። «ቀዩ አፈር በባዶ እግር ሲረገጥ ውስጥ ይገባል። በየቀኑ በሳሙና ትታጠብ፣ ደፈን ያለ ጫማ ታድርግ። ገና ስለሆነ ይመለሳል። ያለበለዚያ ግን…» ብሎ ከመሬት እስከ ጉልበቱ ድረስ በእጁ አሳየን።

እናቴ ደጅ እስክንወጣ ድረስ ታግሣ፣ «አፈር ሰውን የሚበላው ሲሞት ነው እንጂ በቁሙ ነው?» አለች። እህቴ ግን ድሬሰሩ እጁን ያሳረፈበትን የጉልበቱን ቦታ አይታ ነበርና እስከ ቤት ድረስ እያየች የረገጠችው ሣር ሣሩን ነው።

ሞጣ እንደተመለስኩ ጫማ ፍለጋ ገባሁ። ገበያው ዳር ከአባታቸው የወረሱት ሱቅ ያላቸው፣ ጢማቸውን በሂና የሚያቀሉ ሽማግሌ ነጋዴ ነበሩ። ሁላችንም ሐጂ እንላቸዋለን። የቆዳ ቡትስ አወጡልኝና አገላብጠው፣ አንኳኩተው፣ «ወላሂ ኦሪጅናል ነው፤ የውጭ ቆዳ ነው» አሉኝ። ገዛሁ፣ ላክሁ።

ያ ኦሪጅናል አንድ ዝናብ አልቻለም። ለፋሲካ ቤት ስሄድ እህቴ በጨርቅ ጠቅልላ አምጥታ አሳየችኝ። ሶሉ እንደ ከብት ምላስ ተንጠልጥሏል። በሶሉና በቆዳው መሀል የነበረው ነገር ካርቶን ነው። ካርቶኑ ውሃ ጠጥቶ፣ ከማስቲሹ ጋር ተቦክቶ፣ ሻግቶ፣ የሞተ አይጥ የሚመስል ሽታ አምጥቶ ነበር። ጣቴን ስሰድበት ገንፎ ውስጥ እንደገባ ሰመጠ።  ሰው ሰውን ለማታለል ካርቶን ቆርጦ፣ ሙጫ ቀብቶ፣ ላዩን በቀለም አሳምሮ፣ ከዚያ ቁጭ ብሎ ምሳውን ይበላል ብዬ ሳስብ ምሳ የሚባል ነገር አስጠላኝ።

ያንን ብስባሽ ይዤ ሞጣ ተመለስኩና ሐጂ ጠረጴዛ ላይ ዘረጋሁት። ሽማግሌው አፍንጫቸውን በሻሻቸው ጫፍ ሸፈኑ እንጂ አልደነገጡም።

«ልጄ፣ ከእኔ ሱቅ የወጣ ጫማ ተመልሶ ቢመጣ አልቆ ነው የሚመጣው» አሉኝ። «ያለቀ ጫማ ደግሞ ተለብሷል ማለት ነው። የተለበሰ ዕቃ ያልቃል፤ ምን በወጣኝ?»

«ሐጂ፣ ካርቶን እኮ ነው የሸጡልኝ!»

«እኔ አልሰፋሁት። ኦሪጅናል ብለው ሸጡልኝ፣ ኦሪጅናል ብዬ ሸጥኩልህ።»

እንዲህ ያለ ዓይን ያወጣ መልስ ሰምቼ አላውቅም። ከዚያ ቀን ወዲያ በዚያ ሱቅ በር ሳልፍ ፊቴን አዞር ነበር።

እህቴ እኔን አልጠበቀችም። ቢቸና ገበያ ወርዳ ጥቁር የላስቲክ ጫማ ገዛች፤ ያ ከላይ እስከ ታች አንድ ወጥ የሆነው፣ በፋብሪካ ቀልጦ የሚፈሰው። ውሃ ስትቀዳበት፣ ማገዶ ስትለቅምበት፣ ጓሮ ስትኮተኩትበት ዋለች። በሚቀጥለው ጊዜ ስመጣ እብጠቱ ጎድሏል። ማሳከኩም ቀንሶላታል። ይህን በዓይኔ አይቻለሁ፤ አላየሁም ብል እዋሻለሁ።

ጫማውን ግን ጠላሁት። ፀሐይ ሲመታው የተቃጠለ ጎማ ይሸታል። እግሯን ስታወጣ እንደ ተቀቀለ ድንች ይተናል። ተረከዟን ልጦታል፣ ጣቶቿን በላብ አጨማዶታል። ካወለቀችው በኋላ ቤቱ ውስጥ የሚቀረው ሽታ ምግብ ያስመልሳል። «እንኳን እህቴ ጠላቴም አያድርገው» አልኳት።

እሷ ሳቀች። «ወንድምዓለም፣ እሱ እኮ አያሳዝንም። ጭቃ ብረግጥበት፣ እሾህ ብረግጥበት ግድ የለኝም። ሲቀደድ በጋለ ብረት ይጣበቃል።»

«ቆይ ብቻ» አልኳት፤ «እውነተኛ ጫማ አመጣልሻለሁ።»

በዚያው ዓመት መሥሪያ ቤቴ እርከን እንድማር ኔፓል የሚባል አገር ላከኝ። በዚያን ጊዜ ዕድለኛው የሚላከው ሞስኮ ነው፣ ኩባ ነው። እኔ የት እንደምሄድ ስናገር ጓደኞቼ እንደ ለቀስተኛ ያዩኝ ነበር። እኔ ግን አንድ ነገር ሰምቻለሁ፤ ያ አገር ፈረንጆች ከዓለም ዙሪያ መጥተው ተራራ የሚወጡበት ነው። ተራራ የሚወጣ ፈረንጅ ደግሞ ካርቶን አይጫማም። ከመሄዴ በፊት ቢቸና ወርጄ እህቴን መሬት አስረግጬ እግሯን በሰንበሌጥ ለካሁ። ለእብጠቱ ትንሽ ጨመርኩና ቆረጥኩት። ሰንበሌጡ እንዳይሰበር በትልቁ ደብተሬ ውስጥ አጋድሜ ይዤው ሄድኩ።

ካትማንዱ ውስጥ የተራራ ዕቃ ብቻ የሚሸጥበት መንደር አለ። ድንኳኑ፣ ገመዱ፣ የጀርባ ሻንጣው፣ በላባ የተሞላው ጃኬት ከየበሩ ተንጠልጥሎ ፀሐይ ይከልላል። እያንዳንዱ ላይ ትልልቅ የፈረንጅ ስም አለ። እያንዳንዱ ነጋዴ ደግሞ ከበሩ ብቅ ብሎ ያንኑ ቃል ይጮሃል፤ ኦሪጅናል፣ ኦሪጅናል። ሐጂን አስታወሱኝ። እሳቸው እንኳ ይምላሉ፤ እነዚህ ለመማልም አልደከሙም።

አንዱ ሱቅ ውስጥ የጀርባ ሻንጣ ሳገላብጥ ላዩ ላይ የተሰፋው ስም አጥብቆ እንዳልተያዘ አየሁና ነጋዴውን ጠየቅሁት። አላፈረም። ወደ ጓዳው ወስዶ ልብስ ሰፊውን አሳየኝ። ሰፊው ፊት የስሞቹ ጥቅል ተደርድሯል፤ አንዱ ጥቅል የአንዱ ኩባንያ፣ ሌላው ጥቅል የሌላው፣ እንደ ጥልፍ ጥብጣብ እየተቆረጠ ይሰፋል። «የትኛውን ትወዳለህ?» አለኝ ነጋዴው፤ «ቀዩን ላድርግልህ ወይስ ሰማያዊውን?» እግዜር ያሳያችሁ፤ ሌባ ዕቃ ሰርቆ ስም ይቀይራል እንጂ ስም ሰርቆ ዕቃ ይሰፋል እንዴ? ጓዳው የሙጫና የላብ ሽታ ነበረው። የካርቶኑ ሽታ አፍንጫዬ ላይ መጣና ወጥቼ ሄድኩ።

አብሮኝ የተላከ ከአርሲ የመጣ ባልደረባ ነበረኝ። በነገሩ ሁሉ የሚስቅ፣ ደስተኛ ሰው ነው። እኔ ስመራመር እሱ ባለ ላባውን ጃኬት ገዝቶ ለብሶ ወጣ። «ፈረንጅ የሚለብሰው ነው፤ የዳክዬ ላባ ነው» አለኝ። በማግስቱ ዝናብ መታውና ክፍል ውስጥ ተቀመጠ። ጃኬቱ መሞቅ ሲጀምር መጀመሪያ አስተማሪው አፍንጫውን አሸ፣ ከዚያ ሁላችንም ተያየን። የተነጨ የዶሮ ላባ፣ ያውም ሳይታጠብ፣ ኩሱ ሳይራገፍ የተጨመረበት ነበር። በስፌቱ ቀዳዳ ነጫጭ ላባ እየሾለከ ጠረጴዛው ላይ ይወርዳል። ባልደረባዬ እሱን እያነሳ ይስቃል፤ እኔ ግን ምሳዬን ትቼ ወጣሁ።

«አንተ ሰው፣ ይህን ያህል የምትጸየፍ ከሆነ ገዳም ግባ» አለኝ። «ለእህትህ አንዱን ርካሽ ግዛላትና እንረፍ። ጫማ ጫማ ነው።»

አልሰማሁትም። ትምህርቱ ባለቀ ቁጥር ወደዚያ መንደር እየሄድኩ ጫማ አሸት ነበር። በመጨረሻ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ፣ ተራራ ወጪዎች ወደ አገራቸው ሲመለሱ የሚተዉትን ዕቃ የምትሸጥ አንዲት ባልቴት አገኘሁ። ጮኻ አትጠራም፣ ኦሪጅናል አትልም። ከጥግ ላይ አንድ ቡናማ የተራራ ጫማ አየሁ፤ የሴት ነው፣ ትንሽ ነው፣ ብዙም አልተረገጠበትም። ሰንበሌጡን ከደብተሬ አውጥቼ ውስጡ ሰደድኩት። ልክክ አለ።

ከዚያ እኔም በተራዬ አስጸያፊ ሆንኩ። ጫማውን አሸተትኩ፣ አጠፍኩ፣ ስፌቱን በጥፍሬ ቆፈርኩ፣ የጫማውን ምላስ ነከስኩት። ጥርሴን ሳሳርፍበት ባልቴቷ ፊቷን አዞረች። ይህም አልበቃኝም፤ ሰዓቴን መያዣ ሰጥቻት ጫማውን ወደ ሆቴሌ ወሰድኩ። መታጠቢያው ውስጥ ውሃ ሞልቼ፣ እንዳይንሳፈፍ ድንጋይ ጨምሬበት እስከ አንገቱ ነከርኩት። ባልደረባዬ እጁን ሊታጠብ ገብቶ አየኝ።

«ጫማ ክርስትና ታነሳለህ እንዴ?» አለኝ።

ከትምህርት ስመለስ አወጣሁትና እጄን ውስጡ ከተትኩ። ደረቅ ነው። ጣቶቼን እስከ ጫፉ ሰደድኩ፤ ደረቅ ነው። ያን ጊዜ የተሰማኝን ደስታ ዛሬ ሳስበው ይቀፈኛል፤ ሰው ልጅ ሲወለድለት እንደዚያ አይሆንም። ሮጬ ሄጄ የቀረችኝን አበል ከፈልኩና ሰዓቴን ተቀበልኩ። ባልቴቷ ምናልባት ሰዓቱን ብታስቀር ትወድ ነበር።

ከአዲስ አበባ ስነሳ ሻንጣዬን አውቶቡሱ ላይ ጫንኩ፤ ጫማውን ግን በጭኔ ታቅፌ ዓባይን ተሻገርኩ። ደጀን ላይ ሰው ሁሉ ለምሳ ሲወርድ እኔ ከጫማው ጋር ተቀመጥኩ።

ቤት ስደርስ የሆነውን አልረሳውም። እናቴ ጫማውን ተቀብላ አገላበጠችው፣ አሸተተችው፣ ከዚያ እንደ መስቀል ግራና ቀኙን ሳመችው። ጎረቤት ተጠራ። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር ሳይቀር መጥቶ ሶሉን በዱላው ጠቋቆመና፣ «ይሄስ ለልጅ ልጅ ይተርፋል» ብሎ መሰከረ። እኔም አፌን ከፍቼ ተረክሁላቸው። የስንቱን ሱቅ ውሸት እንዳለፍኩ፣ ስሙ በዓለም እንዴት እንደተከበረ፣ በረዶ ላይ እንደሚረገጥ፣ ውሃ እንደማያስገባ፣ በጭኔ ታቅፌ እንዳመጣሁት፤ አንድም ሳላስቀር። ሰዉ «ወይ ጉድ» ባለ ቁጥር እኔ እጨምር ነበር።

እህቴ አደረገችው። ጎንበስ ብዬ እንዴት እንደሚታሰር አሳየኋት። ተነስታ በግቢው ዞረች፤ እግሯን እንደ አዲስ ጥጃ ከፍ እያደረገች ነው የምትረግጠው።

«ወንድምዓለም፣ መሬቱ አይሰማኝም እኮ» አለች።

«እንዲያ ነው እንጂ!» አልኩ።

እናቴ የላስቲኩን ጫማ ከደጃፍ አንስታ በዚያው ለጎረቤት ልጅ ሰጠችው። «እውነተኛው ከመጣ ይሄ ምን ይሠራልናል?» አለች። እኔም ደግ አደረግሽ አልኩ። ሽታው ከቤት በመውጣቱ ደስ ብሎኝ ነበር።

ሞጣ ተመልሼ ክረምቱ ገባ። በዚያ ዓመት ዝናቡ የሚብስ ነበር። ጭጋጉ ከጮቄ ተራራ ወርዶ ከተማውን ሲያለብሰው፣ ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚት ሲውጠን፣ እኔ የእህቴን ደረቅ እግር እያሰብኩ እጽናና ነበር። ከቢቸና በኩል የሚመጣ የማውቀው ሰው ባገኘሁ ቁጥር ከጤናዋ አስቀድሜ፣ «ጫማዋስ?» እላለሁ።

«ደህና ነው፤ እንደ አዲስ ነው» ይሉኛል።

ይህን ስሰማ እኮራለሁ። አንድ ቀን ሐጂ ሱቅ ጎራ ብዬ፣ አልገዛም፣ ለመናገር ብቻ፣ «ክረምቱን ሙሉ ተለብሶ እንደ አዲስ የሆነ ጫማ አይተው ያውቃሉ?» አልኳቸው። ሽማግሌው አንገታቸውን አዘንብለው አሰቡና፣ «አላውቅም» አሉ። «እኔስ እንዲያ ያለ አላውቅም።» በቅናት የተናገሩ መሰለኝ።

ለመስቀል ፈቃድ ወስጄ ወደ ቢቸና መጣሁ። ከተማው ለመግባት ጥቂት ሲቀረን መኪናችን ጭቃ ያዘውና በእግራችን ወረድን። የገበያ ቀን ነበር። ከመንገዱ በታች፣ ከገጠር የሚመጣው ሰው ከሚሻገረው ወንዝ ዳር ገበያተኛው ድንጋይ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል።

ይህን ልማድ አገሬው ሁሉ ያውቀዋል፤ እኔም በልጅነቴ ከአባቴ ጋር አድርጌዋለሁ። ጫማ ያለው ሰው ከቤቱ ሲነሳ ጫማውን አያደርግም። ማሰሪያውን ቋጥሮ ትከሻው ላይ ያንጠለጥለዋል፤ ዳገቱን፣ ማሳውን፣ ጭቃውን በባዶ እግሩ ይወጣዋል። ከተማው መግቢያ ወንዝ ላይ ሲደርስ ቁጭ ብሎ እግሩን ይታጠባል፣ በነጠላው ያደርቃል፣ ጫማውን አድርጎ እንደ ሰው ይገባል። ሲመለስ ያንኑ ወንዝ ሲሻገር ያወልቀዋል። ጫማ ለመንገድ አይደለም፤ ለሰው ፊት ነው። ይህን እያወቅሁ፣ በዚህ አድጌ፣ በዚያ ሁሉ ወራት አንድ ቀን እንኳ ትዝ ሳይለኝ መቅረቱ ያስገርመኛል።

አንዲት ልጅ ከማዶ ቁልቁለቱን እየወረደች ነበር። ራሷ ላይ ቅርጫት አለ፤ ትከሻዋ ላይ በፌስታል የተጠቀለለ ነገር ግራና ቀኝ ይወዛወዛል። ጭቃው ቀይ ነው፣ እንደ ረጋ ደም። በየእርምጃዋ በጣቶቿ መሀል ብቅ እያለ እግሯን እስከ ባቷ ለብሶታል። ወንዙን ተሻግራ ድንጋይ ላይ ስትቀመጥ ነው እህቴ መሆኗን ያወቅሁት።

እግሯን ውሃ ውስጥ ከታ አሻሸች። ጭቃው ሲለቅ ቀኝ እግሯ ታየኝ። ቁርጭምጭሚት የሚባል ነገር የለውም። ቆዳው ጠጥሯል፣ ተቋጥሯል፣ በጣቶቹ ግርጌ እንደ ኪንታሮት ያለ ጓጎላ አውጥቷል።  እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ የተሰማኝ ሐዘን አይደለም፤ መጸየፍ ነው፣ ያ ካርቶን ላይ የተሰማኝ ዓይነት። ከዚያ በኋላ ነው ልቤ የወደቀው።

«ምነው በባዶ እግርሽ?» አልኳት አጠገቧ ደርሼ።

ስታየኝ ተነስታ ጉንጬን ሳመችኝ፣ ደስ አላት፣ ደግሞ ተቀመጠች። ፌስታሉን ፈትታ ጫማውን አወጣች። ቡናማው ቆዳ ያበራል። የሶሉ ጥርስ መሀል አንድ ቅንጣት አፈር የለም።

«ጭቃ ነዋ» አለች። «በዚህ ጭቃ ላይ እንዴት አድርጌ ልርገጥባት? ታሳዝናለች እኮ።»

«ድሬሰሩ ምን ነበር ያለሽ?»

«ጫማ አድርጊ አለኝ። አድርጌያለሁ እኮ፤ ሰው ይመስክር። ገበያ ገብቼ እስክወጣ ከእግሬ አላወልቃትም። ቤተ ክርስቲያንም እስከ ደጀ ሰላሙ በእሷ ነው የምሄደው።»

ግራ እግሯ ገባ። ቀኙን አልያዘላትም። ማሰሪያውን እስከ ታች ፈታች፣ ምላሱን ወደ ውጭ ጎትታ አወጣች፣ ድንጋዩን በእጇ ደግፋ ገፋች። ከንፈሯን ነክሳ ሁለተኛ ገፋች፤ ተረከዟ ውጭ ቀረ። የጫማውን ጀርባ ልትረግጠው ስትል ሳስታ ተወችው።

«ከጥቂት ቀን ወዲህ ትንሽ ጠባለች» አለችኝ ሳታየኝ። «ክረምት ሲሆን ቆዳ ይኮማተራል መሰለኝ።»

ያ ቆዳ አይኮማተርም። እንደማይኮማተር አውቃለሁ፤ ውሃ ውስጥ ነክሬ፣ ድንጋይ ጭኜ ፈትኜዋለሁ። ስፌቱን በጥፍሬ ቆፍሬያለሁ፣ በጥርሴ ነክሼዋለሁ። ምንም ያልሆነ፣ ምንም የማይሆን፣ እርም የሆነ እውነተኛ ጫማ ነው። 

ቤት እንደገባን እናቴ ላይ ጮህኩባት። በሕይወቴ በእናቴ ላይ የጮህኩት ያን ቀን ብቻ ነው። እሷ ጨርሼ እስክበርድ ጠበቀችኝ።

«እኔ ነኝ ያልኳት» አለች። «አንተ ባሕር ተሻግረህ፣ በጭንህ ታቅፈህ ያመጣኸውን ዕቃ ጭቃ ውስጥ ትዝፈቀው? ይህ ሁሉ ልፋትህ? እኛ ግፍ አንፈራም?»

 የነገርኳቸውን ነው የመለሰችልኝ። ያን ቀን ግቢው ሙሉ ሰው ፊት፣ ጫማውን አድርጊው ከማለት ይልቅ ጫማውን አክብሩልኝ ብያቸው ነበርና፣ አከበሩልኝ። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ይኸው ነው።

በዚህ መሀል የጎረቤት ልጅ እሳት ልትጭር መጣች። የላስቲኩን ጫማ አድርጋለች። በሦስት ቦታ በጋለ ብረት ተጣብቋል፣ ጭቃው እስከ አፉ ሞልቶታል፣ ሽታው ከበሩ ገባ። እሳቷን ይዛ ስትወጣ ቀጭን፣ ደህና ቁርጭምጭሚቷን አየሁት። እናቴም አየችው። 

ከሉማሜ በኩል የተባለው ሰው በዚያው በጥቅምት ሌላ አገባ። ምክንያቱን የነገረን የለም፤ የጠየቅንም የለንም።

ሞጣ እንደተመለስኩ ሐጂ ሱቅ ገባሁ። የላስቲክ ጫማ እንዲያሳዩኝ ጠየቅሁ። የወንድ አወጡልኝ።

«ለራስህ ነው?»

«ለእህቴ ነው።»

ያንን መልሰው የሴት አወጡ። ራሴን ነቀነቅሁ። ትልቁን የሴት አወጡ፤ እሱም አይበቃም ብዬ ራሴን ነቀነቅሁ። ያንን የመጀመሪያውን የወንድ ጫማ ደግመው አንስተው ቆሙና አዩኝ። ከዚያ ከሱ የሚበልጥ ሌላ ከመደርደሪያው ጀርባ አውጥተው፣ አቧራውን በሻሻቸው ጠርገው ሰጡኝ። ያን ቀን ወላሂ አላሉም፤ ስለ ጥራቱም አንድ ቃል አልተነፈሱም።

እህቴ አደረገችው። ለገበያም ለጓሮም፣ ለጭቃም ለአቧራም አደረገችው፤ ምክንያቱም አያሳዝንም። እብጠቱ ከዚያ ወዲያ አልባሰም፣ ወደ ኋላም አልተመለሰም። ሲያልቅ መልእክት ትልክብኛለች፣ ሌላ እገዛለሁ። ያለቀውን ጫማ ስታሳየኝ ሽታው ያው ነው፤ አፍንጫዬን አልይዝም።

የተራራው ጫማ ከምሰሶው ላይ ተሰቅሎ ቀረ። እናቴ ለዓመት በዓል ሁሉ ታወርደዋለች፣ በለጋ ቅቤ ታሸዋለች፣ መልሳ ትሰቅለዋለች። እንግዳ ሲመጣ፣ ልጄ ከእስያ ድረስ ያመጣው ነው፣ ውሃ አያስገባም ትላለች። እሱን የማላይበት ቦታ መርጬ ነው የምቀመጠው።

ሚስት ላገባ መሆኔ በተነገረ ጊዜ ቢቸና ሄጄ ነበር። ስነሳ እህቴ ወንበር ላይ ወጥታ ጫማውን አወረደችው፣ በነጠላዋ ጠረገችው፣ በዚያው ፌስታል ጠቅልላ አቀረበችልኝ።

«ለሙሽራህ ውሰድላት፤ ለእኔ ጠባኛለች» አለች። «ምንም አልሆነችም ወንድምዓለም፤ አዲስ ናት።»